ወጨጫን በሰበታ በኩል

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወጣ መንገደኛ ሁለት መውጫ አለው። አንደኛው በቡራዩና በገፈርሳ አድርጎ ወደ ሆለታና አምቦ ይወስዳል፤ ሁለተኛው በዓለም ገናና በሰበታ አድርጎ ወደ ቱሉ ቦሎና ወሊሶ። በየትኛውም ቢሄድ አንድ ተራራ ከዓይኑ አይጠፋም፤ ለአምቦው መንገደኛ በግራ፣ ለወሊሶው በቀኝ ይታያል። ወጨጫ ነው። ቁመቱ ከባሕር ጠለል በላይ 3,385 ሜትር ነው፤ ከሰበታ ከተማ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ማለት ነው። ሚኒባሱም የጭነት መኪናውም ሌት ተቀን ግርጌውን ታክኮ ያልፋል፤ ወደ ላይ የሚታጠፈው ግን ጥቂት ነው። የሚታጠፈውም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ንጹሕ አየር ፍለጋ ወይም ለሽርሽር ነው፤ ደኑን አይቶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። ይህ ክፋት የለበትም። ነገር ግን ከወጨጫ ሊታይ ከሚገባው ትንሹን ብቻ ማየት ነው። በኔ እምነት ይህ ተራራ የእሳተ ገሞራ ደሴት ነው፤ ሊጎበኘው የሚሄድ ሰውም በዚህ ዓይን ካየው ደኑ ለምን እስከ ዛሬ እንደቆየ፣ ነገ ምን ሊያጠፋው እንደሚችልና ከግርጌው ያሉት ከተሞች ምን እዳ እንዳለባቸው ይገለጥለታል።

እሳተ ገሞራነቱ አያከራክርም። ወጨጫ፣ ከደቡብ ምሥራቅ ያለው ፉሪና ወዲያ ማዶ ያለው የረር አዲስ አበባ የተቀመጠችበትን ሜዳ የከበቡ የጠፉ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። የሥነ ምድር ሊቃውንት የወጨጫን ዐለት ዕድሜ በሚሊዮን ዓመታት ይቆጥሩታል፤ ከተማዋን በሰሜን የሚጋርዳት እንጦጦ ደግሞ ከእሱ በብዙ ይበልጣል። ትንሽ ራቅ ብሎ ዝቋላ አለ፤ አናቱ ላይ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ገዳም ይዟል። በምዕራብ በኩል ወንጪ አለ፤ በገሞራው አፍ ውስጥ ውሃ ሞልቶበት፣ በውሃው መካከል ደግሞ የወንጪ ቂርቆስ ገዳም የሚገኝበት እውነተኛ ደሴት አለው። ወጨጫ ሐይቅ የለውም። ዙሪያውን የከበበው የእርሻ ማሳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ቆርቆሮ ጣሪያና የፋብሪካ አጥር ነው። «ታዲያ በምን ደሴት ሆነ?» ለሚል ሰው መልሱ ያለው በውሃው ላይ አይደለም። ደሴትን ደሴት የሚያሰኘው በላዩ የሚኖረው ፍጥረት ወደ ሌላ መሬት መሻገር አለመቻሉ ነው። ለአንድ ጉሬዛ ከሰበታ እስከ ቀጣዩ የተፈጥሮ ደን ያለው የስንዴና የጤፍ ማሳ ከባሕር አይተናነስም። የጥድ ፍሬ በወፍ ሆድ ቢሻገር እንኳ የሚያርፈው በየዓመቱ በሚታረስ መሬት ላይ ነው።

ከሰበታ ታጥፎ በወጨጫ ቁልቁለት ላይ ወዳለው የሱባ ወይም የመናገሻ ደን የሚወጣውን የጠጠር መንገድ የያዘ ሰው ይህን በእግሩ ይረዳዋል። መጀመሪያ ማሳ ነው፤ ከዚያ የመንደር አጥር፣ ከዚያ በረድፍ የቆመ ባሕር ዛፍ፤ ከዚያ በድንገት ብርሃኑ ይቀንሳል። ጥዱ ይጀምራል። አንዳንዱን ግንድ ሁለት ሰው ተያይዞም አያቅፈውም። ከጥዱ ጋር ዝግባና ወይራ አለ፤ ከሥራቸው አጋም፣ ቀጋ፣ አጣጥ። ከፍ እያለ ሲሄድ ኮሶው እየበዛ፣ ዛፉ እያጠረ ይመጣና አምጃና አስታ ቦታውን ይረከባሉ፤ ወደ ጫፉ ሲጠጋ ነፋሱ ብቻ ይቀራል። ይህ ሁሉ ለውጥ በግማሽ ቀን የእግር ጉዞ ውስጥ ያልቃል፤ በሜዳ ላይ ግን እንዲህ ያለ የአየር ንብረት ልዩነት ለማየት ረጅም መንገድ መጓዝ ያስፈልጋል። በደኑ ውስጥ የምኒልክ ድኩላ የሚባለው ጠቆር ያለው የድኩላ ዝርያ ይኖራል፤ ጉሬዛና ዝንጀሮ አለ፤ ከርከሮ አለ። ወፍ ለማየት ከሩቅ አገር የሚመጣ ሰው ሱባን ከአዲስ አበባ ዙሪያ የመጀመሪያ ማረፊያው የሚያደርገው በሌላ አገር የማይገኙ ወፎችን ከዋና ከተማው በመኪና ብዙም ሳይርቅ ስለሚያገኝ ነው። ሌላው አስተውሎት የሚገባው ነገር ደኑ የያዘው የተራራውን ሁሉ ገጽ አለመሆኑ ነው። በዋናነት የተረፈው በደቡብና በምዕራብ ቁልቁለቱ ነው። ለደሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የባሕር ዳር እየተሸረሸረ መሬቱ ሲያንስ ፍጥረቱም አብሮ ያንሳል።

የሱባን ደን በተመለከተ በሰፊው የሚነገር ታሪክ አለ። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተራራው ተራቁቶ አይተው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ችግኝ አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ወፍ ዋሻ ዛሬም በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ሲና በላይ ያለ የተፈጥሮ ደን ነው፤ ንጉሡም ደብረ ብርሃንን የመሠረቱና አካባቢውን በደንብ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። በዚህ ታሪክ ተመርኩዘው ሱባን በአፍሪካ ቀዳሚው የተጠበቀ ደን ነው የሚሉ አሉ። ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ ሊቃወም ይችላል፤ አፈ ታሪክ ማስረጃ አይደለም፤ ዛሬ የምናየው የዛፍ ስብጥርም ለደጋው የተፈጥሮ ነው፣ ማንም ሳይተክለው ሊበቅል ይችላል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ እኔም ትረካውን እንደ ተረጋገጠ ታሪክ አላቀርበውም። ሆኖም አንድ ሕዝብ ስለ አንድ ደን ለዘመናት ሲያወራ «እግዜር ሰጠን» ብቻ ብሎ ሳያበቃ «ሰው ተከለው፣ ሰው ጠበቀው» እያለ ከቆየ፣ ያ ትረካ ራሱ ዋጋ አለው። ደኑ በሰው ውሳኔ የሚኖር ነገር መሆኑን አስቀድሞ ያምናል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ደግሞ ይህን እምነት ያጸናዋል፤ የወጨጫ ደን በሰው ውሳኔ ተረፈ፣ በሰው ውሳኔ ተቆረጠ፣ እንደገና በሰው ውሳኔ ተተከለ።

ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ ከተማዋ ከሁሉ በፊት የጠየቀችው እንጨት ነበር፤ ለቤት፣ ለአጥር፣ ለምድጃ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንጦጦና አካባቢው ተራቆተ። የመናገሻ ደን ግን ጥበቃ ተደርጎለት፣ የንጉሥ ደን ሆኖ ቆየ፤ ያም ሆኖ የመጋዝ ሥራ ገባበትና ለከተማዋ ሣንቃ አቀረበ። የማገዶ ችግሩ እየባሰ ሲሄድ ንጉሡ መናገሻ ከተማቸውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው እዚያ ቤተ መንግሥት አሠሩ። ከተማዋን በቦታዋ ያቆያት በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ከዚህ ታሪክ ዛሬ የምንዘነጋው አንድ ነገር አለ፤ ባሕር ዛፍ በብዙ ሰው ዘንድ የሚወቀስ ዛፍ ነው፤ ውሃ ይመጥጣል፣ ከሥሩ ሌላ አያበቅልም ይባላል፣ ወቀሳውም መሠረት አለው። ይሁን እንጂ ምጣዱ ሥር የሚነድ ሌላ እንጨት ባይገኝ ኖሮ ከወጨጫ ጥድ አንድም የሚቀር አይመስለኝም። ቅርፊቱ የነጣው ያ የባሕር ዛፍ ረድፍ በሱባ መንገድ ላይ ለደሴቱ ግድግዳ ሆኖ ቆሟል። የእንጦጦና የወጨጫ ዕጣ የተለያየውም በዚህ ነው፤ እንጦጦ የራሱን ደን አጥቶ በባሕር ዛፍ ተሸፈነ፤ ወጨጫ ግን ባሕር ዛፉ ሸክሙን ስለተሸከመለት የጥዱን አንድ ክፍል ይዞ ቀረ።

ደሴቱን ዛሬ የሚያሰጋው ማዕበል ግን ማገዶ ብቻ አይደለም። ሰበታ ትንሽ ከተማ መሆኗን ከተወች ቆይታለች። በ1950ዎቹ የተቋቋመው የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ከተራራው ግርጌ የተቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቢራ ከሁሉ በፊት ውሃ ነው። ከዚያ በኋላ ፋብሪካ በፋብሪካ ላይ ተደረበ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውና ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የኢትዮጵያ–ጅቡቲ ባቡር መስመር ጫፉ ሰበታ ነው፤ ከጅቡቲ ወደብ የተነሣ ሐዲድ የሚያበቃው በወጨጫ ጥላ ሥር ነው ማለት ነው። ቡራዩም እንዲሁ የአዲስ አበባ ማደሪያ ሆናለች፤ ከአጠገቧ ያለው የገፈርሳ ግድብ የለገዳዲና የድሬ ግድቦች ከመምጣታቸው አስቀድሞ ጀምሮ ዋና ከተማውን ውሃ ሲያጠጣ የኖረ ነው። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ፣ አዲስ አበባ ወተትና ድርቆሽ የምታገኝበት ሰፊ ረግረግ ሜዳ ነበረች፤ ዛሬ የታሸገ ውሃ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች፣ የአትሌቶች ማሠልጠኛዎችና አዳዲስ ሰፈሮች ተጋርተዋታል። እነዚህ ሦስት ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በካርታ ላይ ሸገር አዲስ አበባን የከበበ ቀለበት ነው፤ ነገሩን ከተራራው አናት የሚያይ ሰው ግን ቀለበቱ ተራራውንም እየከበበ መሆኑን ልብ ይላል።

እዚህ ላይ ጠንካራው ተቃውሞ ይመጣል። ከተማ ያድጋል፤ ሰው ቤት ይፈልጋል፣ ሥራ ይፈልጋል፤ ለጉሬዛ ብሎ የሰው ኑሮ አይገታም። እውነት ነው፣ አይገታም። ነገር ግን ክርክሩ ተራራና ከተማ ተቀናቃኝ እንደሆኑ አድርጎ ስለሚጀምር ከመነሻው ይሳሳታል። ደን የለበሰ ቁልቁለት የክረምቱን ዝናብ ይይዝና ለበጋው ምንጭ ቀስ እያለ ይለቀዋል፤ የተራቆተው ቁልቁለት በሐምሌ ጎርፍ ያወርዳል፣ በየካቲት ደርቆ ያድራል። ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ ባያስፈልግም የሌላ አገር ምስክር መጥራት ይጠቅማል። በአትላንቲክ ውቅያኖስ፣ በካናሪ ደሴቶች መካከል ላ ጎሜራ የምትባል ትንሽ የእሳተ ገሞራ ደሴት አለች። በአናቷ ላይ ያለው የጋራሆናይ ደን ጭጋግ በቅጠሉ እየያዘ ወደ መሬት ያንጠባጥባል፤ የደሴቲቱ ምንጮች የሚኖሩት በዚያ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1986 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የደሴቲቱ ሰዎች ተራራቸውን የሚጠብቁበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ከታች ያለው ማሳቸውና ቤታቸው የሚጠጣው ከዚያ መሆኑ ነው። በባሕር የተከበበ ሰው ከተራራው ሌላ የሚያማትርበት የለውም። ሰበታ ግን ከሌላ ቦታ ማምጣት እንደምትችል ስለሚመስላት ተራራዋን ትረሳለች።

ሌላው ተቃውሞ በቢሮም በሻይ ቤትም የሚደመጥ ነው፤ «ደኑን የሚያጠፋው የአካባቢው ገበሬ ነው፤ ጠባቂ ማብዛትና ማጠር ነው መፍትሔው።» ጥበቃ ያስፈልጋል። ሆኖም በተራራው ዙሪያ የሚኖሩትን የኦሮሞ ገበሬዎች ኑሮ ሳያዩ ይህን መፍረድ አይቻልም። መሬቱ በልጅ ቁጥር እየተሸነሸነ አንሷል፤ ከብቱ የሚሰማራበት ጠቧል፤ ከደኑ የምትወጣው እንጨት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምትነደው በገበሬው ጎጆ አይደለም። ጀርባዋ እስኪጎብጥ ጭራሮና ቅጠል ተሸክማ ቁልቁል የምትወርደው ሴት የምትሄደው ወደ ገበያ ነው፤ ገዢዋ እንጀራ የሚጋግረው ከተሜ ነው። ስለዚህ ለደኑ መሳሳት ተጠያቂውን የሚፈልግ ሰው ከተሸካሚዋ ላይ አይቁም፤ ወደ ምጣዱ ይሂድ። በሌላ በኩል የተራራው ሕዝብ ከደኑ ጋር ያለው ግንኙነት የመጥረቢያ ብቻ አይደለም። በበጋ ዝናብ ለመለመን በተራራ ላይ የሚደረገው ኢሬቻ ቱሉ፣ በየአምባው አናት ያሉት አብያተ ክርስቲያናትና ጸበሎች፣ ተራራ የሚከበር ቦታ መሆኑን ሕዝቡ ከማንም አዋጅ በፊት እንደሚያውቅ ያስረዳሉ። ያነሰው ክብሩ ሳይሆን ጥቅሙ ነው።

ጥቅሙን ማካፈል ይቻላል ብሎ ማሰብ ሕልም እንዳልሆነ የሚያሳይ ማስረጃ በዚያው በአምቦ መንገድ ላይ አለ። ከጊንጪ አጠገብ ያለው የጭልሞ ደን ልክ እንደ ሱባ ከድሮው የደጋ ጥድ የተረፈ ቁራሽ ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዙሪያው ያሉ ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ ከመንግሥት ጋር ውል ተፈራርመው፣ ደኑን መጠበቅም ከደኑ መጠቀምም የእነሱ ድርሻ የሆነበት አሠራር ተጀመረ፤ በኋላም በሌሎች የአገሪቱ ደኖች ተስፋፋ። አሠራሩ እንከን የለውም ማለት አይደለም፤ የገቢው ክፍፍል፣ የማኅበር አባል ያልሆኑት ሰዎች ጉዳይ፣ የሕጉ መለዋወጥ አስቸግሯል። ቢሆንም ሰው የራሴ የሚለውን ነገር ሌሊት ተነሥቶ እንደሚጠብቅ አሳይቷል። ወንጪ ደግሞ ሌላ መንገድ ያሳያል። በሐይቁ ዙሪያ ያሉ ነዋሪዎች ፈረስ በማከራየት፣ በመምራትና በጀልባ በማሻገር ለረጅም ጊዜ ተደራጅተው ሠርተዋል፤ በ2014 ዓ.ም. የዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት መንገድና ዘመናዊ ማረፊያ ተሠርቶለታል። እኔ ለወጨጫ የምመኘው ትልቅ ሎጅ አይደለም፤ ለዋና ከተማ እንዲህ የቀረበ ተራራ ማደሪያ ብዙም አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው መሪ፣ በቅሎ፣ የሚጠጣ ወተትና የሚበላ ቂጣ የሚያቀርብ የሱባ ቤተሰብ፣ ከመግቢያ ክፍያውም ለመንደሩ ተለይቶ በግልጽ የሚታወቅ ድርሻ ነው።

«ጎብኚ ሲበዛ ቆሻሻው ይበዛል፤ ደኑን ቢተዉት ይሻለዋል» የሚል ወገንም አለ። ስጋቱን እጋራለሁ። በየሽርሽር ሥፍራው የምናየው የፕላስቲክ ጠርሙስ በቂ ምስክር ነው። ነገር ግን ማንም የማያየው ደን ሲያልቅም ማንም አያይም። የአንድ ቦታ ሰዎች በቦታቸው ላይ ያላቸው ተስፋ ምን ያህል እንደሚያቆያቸው የኬፕ ቨርዴዋ ፎጎ ደሴት ትነግረናለች። በገሞራው ጎድጓዳ ውስጥ፣ ሻ ዳስ ካልዴይራስ በሚባለው ሥፍራ የነበሩት መንደሮች እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 በጀመረው ፍንዳታ በቀለጠ ዐለት ተዋጡ። መንግሥት ነዋሪዎቹን ወደ ሌላ ቦታ አሰፈረ፤ ብዙዎቹ ግን ዐለቱ በቅጡ ሳይቀዘቅዝ ተመልሰው ቤት ሠሩ። ወይናቸውና ተራራውን ሊያይ የሚመጣው እንግዳ እዚያ ነበሩ። ወጨጫ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የሞተ ተራራ ስለሆነ እሳት አያሰጋውም፤ በዝምታ መቆራረጥ ግን ያሰጋዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ደኑ ቆሞ ሲገኝ የሚጠቀም ሰው በግርጌው መብዛቱ ነው።

ስለ አካሄዱ ጥቂት ልበል። በቅርብ ዓመታት ከዋና ከተማው ወጣ ብሎ መጓዝ ስጋት ያለበት ሆኖ ቆይቷል፤ ስለዚህ ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከሰበታ ሰዎች መጠየቅ ግድ ነው። ክረምቱ ጠጠር መንገዱን ስለሚያጨቀየው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል። በጠዋት መድረስ ይሻላል፤ ድኩላ ፀሐይ ሲጠና ከጥላው አይወጣም። በሰበታ ወጥቶ መናገሻ በምትባለው ከተማ በኩል ወደ አምቦ መንገድ ወርዶ በቡራዩ መመለስ የሚችል ሰው ተራራውን ዞሮ ያየዋል፤ ደን የለበሰውንና የተራቆተውን ገጽ በአንድ ቀን ሲያነጻጽር ከላይ የተከራከርኩበትን ሁሉ ያለ እኔ እርዳታ ይደርስበታል። ጊዜ ያለው በሌላ ቀን ሱሉልታን ይጨምር። የሱሉልታ ሜዳ ውሃው ወደ ሙገርና ወደ ዓባይ ይፈስሳል፤ የሰበታው ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዲስ አበባን የከበቡ ተራሮች ሁለት ታላላቅ ወንዞችን ያካፍላሉ ማለት ነው፤ በሸገር የሚወጣ አንድ የመሬት ውሳኔ አፋር በረሃ ድረስም፣ ዓባይ ድረስም ይሰማል።

ለሸገር ከተማ አስተዳደርና ደኑን ለሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ያለኝ ልመና አንድ ነው፤ የወጨጫ ግርጌ ሳይሸነሸን በፊት የደሴቱ ዳርቻ በካርታ ይሰመር፣ መስመሩም ሲሰመር የሱባ ሰዎች ይጠየቁ፣ ከተራራው ውሃ የሚጠቀም ፋብሪካም ለተራራው ይክፈል። አንባቢዬ ሆይ፣ አንተም በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ወሊሶ መንገድ ስትወጣ ሰበታ ላይ ወደ ቀኝ ታጠፍ፤ መሪህን ከሱባ ያዝ፣ ምሳህንም ከዚያው ግዛ።